ለኮሚቴ የተለቀለቀ ቤት

ያለምወርቅ በሀብታም ቀንታ አታውቅም። መናኸሪያው አጠገብ ፎቅ የሠራው ነጋዴ፣ ባለ መኪናው፣ ልጆቹን አዲስ አበባ ልኮ የሚያስተምረው፣ ሁሉም ለእሷ ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ እጅ ነስታ ታልፋቸዋለች። የምትቀናው በአንዲት ሴት ብቻ ነው። ሴትዮዋ እስከዳር ትባላለች። በአንድ ግቢ፣ አንድ ግድግዳ ተጋርተው የሚኖሩ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ከሁለቱ ማንኛዋ የባሰች ደሃ እንደሆነች ሚዛን ቢመጣም የሚለየው አይመስለኝም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዘማርያም እባላለሁ። ከግቢያቸው በር ፊት ለፊት ባለው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ መሥራት ከጀመርኩ ዘመናት አለፉ። ያለምወርቅ ልብስ አጣቢ ናት። ከምታጥበው ልብስ ቁልፉ የረገፈ ወይም ስፌቱ የተተረተረ ሲያጋጥማት ወደ እኔ ታመጣለች፤ እስክሰፋላት ድረስ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ታወራኛለች። ስለዚህ ታሪኳን ከሰው አልሰማሁም። ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ ነገር ካናደደኝ ሆዴ ውስጥ አላሳድረውም፤ ይኼንንም የማወራው ስለተናደድኩ ነው።

ያለምወርቅ የይጁቤ ገጠር ልጅ ናት። ባሏ ታረቀኝ ጥንድ በሬ ያለው፣ ጤፍና ስንዴ የሚዘራ ደህና ገበሬ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ታረቀኝ ሲሞት ወንድሞቹ «መሬቱ የአባታችን ነው፤ ልጅ ሳይኖርሽ ምን ታደርጊበታለሽ?» አሏት። ሽማግሌ መጥራት፣ ወረዳ ሄዶ መክሰስ ትችል ነበር። እሷ ግን ልብሷን በአንድ ኩታ ቋጥራ፣ ለአማቶቿ ደህና ሁኑ ብላ፣ መኪና ተሳፍራ ደብረ ማርቆስ ገባች።

«ለምን አልከሰስሻቸውም?» አልኳት አንድ ቀን።

«የባሌን ወንድሞች ችሎት ላቆማቸው? ምን ልባል ነው ጋሼ?»

ይኼ «ምን ልባል ነው» የምትለው ነገር ያናድደኛል። ዕድሜዋን ሙሉ ያዘዛት እሱ ነው።

ገጠር ሆኖ ደሃ መሆንና ማርቆስ መጥቶ ደሃ መሆን አንድ አይደለም። እዚያ ጎመኑ ከጓሮ፣ ኩበቱ ከበረት፣ ውሃው ከምንጭ ይመጣል፤ ቢቸግርም የማን ልጅ፣ የማን ሚስት እንደሆንሽ አገር ያውቃል። ከተማ ግን ውሃውም በፈረቃ ነው፤ ከሰሉም በግዢ፣ ጎን ማሳረፊያውም በኪራይ ነው። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ እንደታዘብኩት ችግሩ መጀመሪያ የሚያገኘው ብቻዋን የቀረችውን ሴት ነው። ጎልማሳው ወንድ መናኸሪያ ወርዶ ይሸከማል፤ የተማረው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። መሬቷን ተነጥቃ፣ ዕድሜዋ ገፍቶ፣ ያለ ልጅና ያለ ዘመድ የመጣችው ግን ያላት እጇ ብቻ ነው። የያለምወርቅን እጅ ብታዩ በረኪናው ልጦት፣ ክረምት ከበጋ ይሰነጠቃል፤ ከምታጥበው ልብስ ጋር ሲያዩት የሰው እጅ አይመስልም።

ደንበኞቿ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ውሃው በሚመጣበት ቀን ጀሪካኖቿን ደርድራ ትቀዳለች፤ ሳፋዎቿን ዘርግታ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ታሻለች። በማርቆስ ብርድ የታጠበ ልብስ ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ ማታ ማታ የሰው ሸሚዝና የሰው ብርድ ልብስ በጠባቧ ክፍሏ ውስጥ ተሰቅሎ ያድራል። ከሥራዋ ጠብ የሚል ነገር የለም። ኪራይ ከፍላ፣ ሳሙናና ከሰል ገዝታ፣ የተረፈው ለሆዷ ነው፤ አንዳንዴ የሚተርፍ አይኖርም። ጨው ያለቀባት ቀን ያለ ጨው ትበላለች እንጂ የጎረቤት በር አታንኳኳም።

እስከዳር ደግሞ ሌላ ናት። የአማኑኤል ከተማ ልጅ ስትሆን ዕድሜዋ ከያለምወርቅ ያንሳል። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ «ደጀን ደርሼ እመጣለሁ» እንዳለ ቀረ። ሂዊ የምትባል ልጅ ጥሎባት ሄዷል። እስከዳር ድንችና በቆሎ ቀቅላ ከግቢው በር ላይ ትሸጣለች። ሲጎድላት ደግሞ ትጠይቃለች። ዓይኗ አያፍርም፤ ድምፅዋም አይሰበርም። እየሳቀች ትገባና «እትዬ ያለም፣ ሽንኩርትሽን ለሁለት ቁረጪውና ግማሹን ስጪኝ፤ ዛሬ ወጤ መላጣ ሆኖብኛል» ትላለች። ጎረቤቶቿም ይሰጧታል። ደስ ብሏቸው ነው የሚሰጧት፤ ቤታቸው ስትገባ ሳቅ ይዛላቸው የምትመጣ ይመስላቸዋል።

ያለምወርቅን የሚያንገበግባት ይኼ ነበር። እስከዳር ልጅ ስላላት ትቀናለች፤ ስለምትስቅ ትቀናለች፤ ሰው ስለሚወዳት ትቀናለች፤ ከሁሉ በላይ ግን አፏን ከፍታ «አጣሁ፣ ስጡኝ» ማለት ስለምትችል ትቀናለች። እሷ ብትሞክረው ጉሮሮዋ ላይ እንደሚቀር ታውቀዋለች።

ሂዊ ትምህርት ቤት ስትገባ እስከዳር ወደ እኔ መጥታ «ጋሼ፣ ለልጄ ዩኒፎርም ይስፉልኝ፤ የምከፍለው የለኝም፤ እጸልይልዎታለሁ» አለችኝ። ሰፋሁላት። ያለምወርቅ ይኼን አይታ ሰላምታ ነፈገችኝ። ቁልፍ የረገፈበት ሸሚዝ ይዛ ስትመጣ እንኳ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀመጠች።

«ምን አደረግኩሽ?» አልኳት።

«ምንም። ለሰው በነፃ እንደሚሰፉ አላውቅም ነበር።»

«ለልጅቷ እኮ ነው። እናትየዋ ጠየቀችኝ።»

«ይኼ ቀሚሴ በብብቱ በኩል ከተተረተረ ስንት ጊዜው ነው? አይተውት አያውቁም?»

«ስፉልኝ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ካልጠየቁዎት አይሰጡም እንዴ?» አለችና ነጠላዋን ወደ ብብቷ ሳብ አደረገችው። ቀሚሱን አምጪው ብላት «ተዉት፤ እራሴ እሰፋዋለሁ» ብላ ሄደች።

የዛሬ ዓመት ፋሲካ ካለፈ በኋላ የግቢው ባለቤት አቶ አስማማው ተከራዮቹን ሰበሰበ። የጓሮ ክፍሎቹን አፍርሶ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚከራይ ደህና ቤት ሊሠራ መሆኑን፣ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ሁሉም መልቀቅ እንዳለበት ነገራቸው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ተማሪው አባቱ እየላከለት ይከፍላል፤ ልብስ አጣቢና ድንች ቀቃይ ግን እንደዚያ መክፈል አይችሉም። ያለምወርቅ በየሰፈሩ ክፍል ፈልጋ ስትመለስ ፊቷ ወይቦ ነበር። የጠየቀችው ሁሉ ከአቅሟ በላይ ሆነባት። ክረምት ሲገባ የት እንደምትወድቅ አታውቅም።

በዚያው ሰሞን ከኛ መንገድ ዝቅ ብሎ ያለች አንዲት የቀበሌ ቤት ባዶ ሆነች። ይኖሩባት የነበሩት እማሆይ አርፈው ነው። አንድ ክፍል ናት፤ ግን ቆርቆሮዋ ደህና፣ ግድግዳዋም ጠንካራ ነው። የቀበሌ ቤት ማለት ኪራዩ ለስሙ ያህል ነው፤ አንዴ የገባ ሰው ዕድሜ ልኩን ከኪራይ ጭንቀት ይገላገላል። ቀበሌውም ለሰፈሩ የመጨረሻ ችግረኛ እንደሚሰጣት አስነገረ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ኮሚቴ ተመርጦ ችግረኞቹን ቤት ለቤት እየዞረ ያያል፤ ከዚያ በስብሰባ ላይ የተመረጠው ሰው ስምና ምክንያቱ ይነበባል፤ ቅሬታ ያለው ሰው እዚያው ተነስቶ በሕዝብ ፊት ይናገራል። ያለምወርቅም እስከዳርም ተመዘገቡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አምሳሉ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ለማንም የማያዳላ ሰው።

ኮሚቴው የሚመጣበት ቀን አስቀድሞ ተወራ። በዋዜማው ያለምወርቅ አንድ ሳፋ ሙሉ እበት ይዛ በፊቴ አለፈች። ቆይታ ደግሞ አንድ እቅፍ ቄጠማ ይዛ መጣች።

«ምነው፣ ዓመት በዓል መጣ እንዴ?» አልኳት።

«እንግዳ አለብኝ።»

«ኮሚቴውን ነው?»

«ታዲያ ኮሚቴ እንግዳ አይደለም?»

መቀሴን አስቀመጥኩ። «አንቺ ሴት፣ ሰዎቹ እኮ የሚመጡት ችግርሽን ሊያዩ ነው። ቤትሽን እንዳለ ተዪው።»

ያለምወርቅ በትዕግሥት አየችኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ የከተማ ሰው ነዎት። እኛ አገር አቅመ ደካማ ሰው መሬቱን በእኩል አርሰህ ምርቱን እንካፈል ብሎ ሊሰጥ ሲፈልግ ለማን ነው የሚሰጠው? በሬው ለከሳበት፣ እርሻው አረም ለዋጠበት ነው? ለደህና አራሽ ነው የሚሰጠው። ቤትም እንዲሁ ነው። መንግሥት ቤቱን ቤት መያዝ ለምታውቅ ሴት ይሰጣል። የእሷን ቤት አይተውታል? መጥረጊያ አይነካውም። እስቲ አንዴ የእኔንም የእሷንም ይዩ።»

ምን ልበላት? ከልቧ ነው የምትናገረው። በዚያ ላይ ፊቷ ላይ ከስንት ጊዜ በኋላ ደስታ አየሁ። እስከዳርን የምትበልጥበት ቀን መጥቶላት ነው።

በማግስቱ ወለሉ ተለቅልቆ ደርቆ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ ነበር። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ነፋስ ያስገባ ነበር፤ ስንጥቁ ላይ የአንድ መምህር አበባ ያለበት ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀለችበት። ጣሪያው የሚያፈሰውን ውሃ የምታጠራቅምበትን ሳፋ አልጋ ሥር ገፋችው። ዳቦ ገዛች፤ አንድ ማሰሮ ጠላም አስመጣች። ራሷም ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የምታወጣውን ቀሚስ ለበሰች።

ኮሚቴው መጀመሪያ የገባው እስከዳር ጋ ነው። ግድግዳው ስስ በመሆኑ ያለምወርቅ ሁሉንም ትሰማ ነበር። ሂዊ ታማ ተኝታለች፤ ድንቹ ግማሹ ተልጦ ግማሹ ወለሉ ላይ ተበትኗል። እስከዳር አንዱን ሰው ጀሪካን ላይ፣ ሌላውን መደብ ላይ አስቀምጣ «ይቅርታ፣ የምትቀመጡበት የለኝም፤ እኔም የምቀመጥበት የለኝም» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። ጣሪያውን በጣቷ አሳየቻቸው። ባሏ ጥሏት መሄዱን፣ አንዳንድ ቀን ልጇን አብልታ እሷ ጦሟን እንደምታድር ነገረቻቸው። ያለምወርቅ በዚህኛው በኩል ቆማ ጉንጯን ያዘች። በኋላ ስታወራኝ «አፈርኩላት» አለችኝ። «የባሏን ጉድ ሳይቀር ዘረገፈችው እኮ! እንዴት እንደዚያ ይወራል? እንዴት አወቀችበት!» የመጨረሻዋን ስትናገር ድምፅዋ ተለወጠ፤ ያፈረችበትንም ነገር የተመኘችው መሰለኝ።

ከዚያ ወደ እሷ ገቡ። ገና ከበሩ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብላ ጎንበስ አለች። ዳቦ ቆረሰች፤ ጠላ ቀዳች፤ አልጠጣም ያለውን «በሞቴ» አለችው። ቤቱ ያፈሳል ወይ ብለው ሲጠይቋት «ተመስገን ነው» አለች። ኑሮስ ሲሏት «ተመስገን ነው። ከእኔ የባሰ አለ» አለች። ሲወጡ እስከ ግቢው በር ሸኘቻቸው።

አቶ አምሳሉ አፉን እየጠረገ ወደ በረንዳዬ መጣ። «ይቺ ሴትዮ ምን ጎድሏት ነው የተመዘገበችው? እንደዚያ ያለ ብርድ ልብስ እኔም ቤት የለም።»

«የሰው ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ። «አጣቢ ናት! ከኋላው ያለውን ግድግዳ ገልጣችሁ ብታዩት ጭንቅላት ያሳልፋል!»

አምሳሉ ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ ዘማርያም፣ እኔ ያየሁትንና እሷ ያለችኝን ነው የምጽፈው። ቅሬታ ካላት ስብሰባው ላይ ተነስታ ትናገር። ለዚያ ነው ስብሰባ የሚደረገው።»

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ሆነ። ያለምወርቅ ከፊት ወንበር ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ። እስከዳር ከኋላ ነበረች፤ ሂዊ ጭኗ ላይ ተኝታለች። አምሳሉ ተነስቶ አነበበ፤ ቤቷ ለእስከዳር እንድትሰጥ ተወስኗል። ምክንያቱንም ዘረዘረው፤ ረዳት የሌላት፣ ባሏ የከዳት፣ የምትሠራው ከእጅ ወደ አፍ የማይበቃት፣ ልጇን አብልታ ጦሟን የምታድር እያለ። ሕዝቡ በየመስመሩ «ወይኔ እህቴን» እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል። እስከዳር ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች፤ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ጀርባዋን ያሻሿታል።

ያለምወርቅን አየኋት። ከንፈሯ ደርቋል። ዓይኗን እስከዳር ላይ ተክላለች፤ ዓይኗ ውስጥ ያለውን ቅናት ማንም ቢያየው ይፈራ ነበር።

«ቅሬታ ያለው?» አለ አምሳሉ።

በክርኔ ነካኋት። ክርኔን ገፋችው። ብድግ አልኩና «እኔ አለኝ» አልኩ። «ያለምወርቅ ከእስከዳር አትሻልም። ቤቷ ያፈሳል፤ ግድግዳዋ ተሰንጥቋል፤ ያያችሁት ብርድ ልብስ የደንበኛ ነው። የባሏን መሬት ተነጥቃ የመጣች፣ ልጅም ወንድምም እህትም የሌላት ሴት ናት። ያለ ጨው እየበላች ነው የምትኖረው። ሁለቱንም እዩ።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ። ያለምወርቅ ቀስ ብላ ተነሳች። እውነቱን ልትናገር ነው ብዬ ደስ አለኝ።

«ጋሼ፣ የእኔን ገመና ማን ጠየቀዎት?» አለችኝ። ከዚያ ወደ አምሳሉ ዞረች። «ውሸት ነው። ምንም የጎደለብኝ ነገር የለም። ቤቱ ይገባታል፤ ለእሷ ይሁንላት።»

ጭብጨባ ሆነ። ሴቶቹ እልል አሉ። እስከዳር ከኋላ ሮጣ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ያለምወርቅ እጆቿን ወደ ታች ጥላ እንደ ግንድ ቆመች።

ወደ ቤት ስንመለስ እየተከታተልን እንጂ አብረን አልሄድንም። በረንዳዬ ጋ ስንደርስ ቆመች። «አዋረዱኝ» አለችኝ።

«ልጠቅምሽ ብዬ ነው!» አልኩ። «አንድ ቃል ብትናገሪ ምን ነበረበት? ሐምሌ መጣ እኮ!»

ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወደ መንገዱ ዞረችና «ሰምተዋል?» አለችኝ። «ያ ሁሉ ሰው ከንፈሩን መጠጠላት። ጦሟን ታድራለች ሲባል ሰው ሁሉ አዘነላት። ጋሼ፣ እኔ ስንት ቀን ጦሜን አድሬያለሁ? ለእኔ ማን ከንፈሩን መጥጦልኝ ያውቃል?»

በችግር ይቀናል? በሰው ሐዘኔታ ይቀናል? አዎ ይቀናል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እስከዳር ድህነቷን ሰው አውቆላታል፤ የያለምወርቅ ግን እሷው ራሷ ስትለቀልቀው፣ ስትሸፍነው ኖራ የማንም ዓይን አልገባም። ይኼን ባሰብኩ ቁጥር በማን እንደምናደድ አላውቅም፤ በእሷ፣ በኮሚቴው፣ ወይስ ሰው ተነስቶ «ደሃ ነኝ» ብሎ ካልጮኸ ደሃ መሆኑ በማይታወቅበት አሠራር።

እስከዳር ዕቃዋን ያጓጓዘች ቀን ሰፈሩ ሁሉ አገዛት። ያለምወርቅም ፍራሽ ተሸከመችላት። አዲሷን ክፍል ዞራ አየች፤ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች ጥግ ጥጉን ተመለከተችና ወጣች።

«አንቺስ የት ልትገቢ ነው?» ሲሏት «ወንድሜ ጋ፣ ይጁቤ» ትላለች። ወንድም የላትም። ሰኔ አልቆ የአስማማው ሠራተኞች ከግቢው ጥግ ጀምረው ቆርቆሮ መንቀል ጀመሩ። እሷ የመጨረሻዋ ተከራይ ሆና ቀረች። ስጠይቃት «ነገ እሄዳለሁ» ትለኛለች። ነይ እኔ ጋ ብዬ እንዳልወስዳት ሚስቴ የሞተችብኝ ብቸኛ ወንድ ነኝ፤ እሷ ሞት ይሻላታል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እስከዳር ጋ ነበርን። የሰፈር ሰው እንኳን ደስ አለሽ ሊላት ዳቦ ይዞ ተሰብስቧል፤ አምሳሉም ነበረ። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። በሩ ተከፈተና ያለምወርቅ ቆመች። ራሷ እስከ ውስጥ ልብሷ ድረስ በስብሳለች፤ በጀርባዋ ያዘለችው የደንበኞቿ ልብስ ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ ደረቅ ነው። የእሷ ክፍል ቆርቆሮ በዚያ ቀን መነቀሉ ገባኝ።

«እትዬ ያለም! ግቢ እንጂ፣ ምን ያቆምሻል?» አለች እስከዳር።

አልገባችም። ውሃው ከፀጉሯ ላይ በፊቷ ይወርዳል። አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው፤ እንደገና ከፈተችው። እንግዶቹ ሁሉ ማውራት አቁመው ያዩዋታል። መሬት መሬት እያየች፣ የማይሰማ በሚመስል ድምፅ «ማደሪያ የለኝም» አለች።

አምሳሉ የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። ፊቱ ቀላ።

«እንዴ! ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽንም?»

ያለምወርቅ ቀና ብላ አየችው። «ያኔማ እንግዶቼ ነበራችሁ።»

እስከዳር ተነስታ የላስቲኩን ጥቅል ከጀርባዋ አወረደችላትና «ሂዊ፣ ፍራሹን ወደ ግድግዳው ሳቢው» አለች። እንግዳው አንድ በአንድ ወጣ።

ይኼ ከሆነ ከረምን። አሁን ሦስቱ በአንዲት ክፍል ይኖራሉ። ያለምወርቅ ወለሉን ትለቀልቃለች፤ የሂዊን ዩኒፎርም ታጥባለች፤ ጨው ሲያልቅ እስከዳር ጎረቤት ትልካለች። ቅናቱ ለቀቃት ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አልለቀቃትም። ቤቱ በእስከዳር ስም ነው፤ ሂዊ እስከዳርን «እማ» ትላለች፤ ሰው በር ሲያንኳኳ የሚጠራው እስከዳርን ነው። ያለምወርቅ ይኼን ሁሉ ቆጥራ ይዛዋለች። እኔንም ከአዳራሹ ቀን ወዲህ ጨርሳ ይቅር አላለችኝም፤ ሸሚዝ ግን ታመጣለች።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ሸሚዝ ይዛ መጥታ እንደ ልማዷ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። መንገዱ ዳር እስከዳር ድንቿን ዘርግታ ከደንበኞቿ ጋር ትሳሳቃለች። ያለምወርቅ ረጅም ሰዓት ስታያት ቆየች።

«ይቺ ሴት ታድላለች» አለችኝ።

«ደግሞ አሁን በምን?»

«ልጇን የሚጠብቅላት፣ ቤቷን የሚይዝላት፣ ስትታመም ውሃ የሚያቀብላት ሰው አገኘች።» ዓይኗን ከእስከዳር ላይ አላነሳችም። «እኔን አገኘች። እኔ ማንን አገኘሁ?»